ትል የበላው ፖም፦ ስለ ካራቫጆ የፍራፍሬ ቅርጫት

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ጥቂት ወጣ ያለ፣ ነገር ግን ጨርሶ ያልራቀ አንድ የታሪክ ጽሑፍ በየዓመቱ እንዲቀርብ የማድረግ ልማድ አላቸው። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ደርሶ ስለ አንድ ሥዕል እጽፋለሁ ብዬ ባስታወቅሁ ጊዜ፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያን ከሥዕል ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ ቀርቦልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከሥዕሉ ውስጥ ስለሆነ ግን አንባቢው ጥቂት ታግሦ ሥዕሉን አብሮኝ እንዲመለከት እለምናለሁ።

ሥዕሉ የሚገኘው በሰሜን ኢጣልያ፣ በሚላኖ ከተማ፣ አምብሮዚያና በተባለው ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ነው። የሣለው ሚኬላንጄሎ ሜሪሲ ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ግን ቤተሰቦቹ በመጡበት በካራቫጆ ከተማ ስም ነው። የተሣለውም በ1590ዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ብብቱ ሥር ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በላዩ ያለውም ነገር ባንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ከቀጭን ቀንበጥ የተጎነጎነ ቅርጫት አለ፤ በቅርጫቱ ውስጥ ፍራፍሬ ከነቅጠሉ አለ፤ ከግርጌ ቅርጫቱ የተቀመጠበት ጠርዝ እንደ አንድ ቡናማ መስመር ይታያል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ገለባ የሚመስል ባዶ ብርሃን ብቻ ነው። ሰው የለም፤ መስኮት የለም፤ መጋረጃ የለም፤ ፍሬውን የሚልጥ ቢላዋ እንኳ የለም። ሠዓሊው ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ከቅርጫቱ ጋር ትክክል ስላደረገ፣ ተመልካቹ ፍሬውን ከላይ እንደ ገዢ ሳይሆን ፊት ለፊት እንደ እንግዳ ያየዋል። ቅርጫቱም ጠርዙን በጥቂቱ አልፎ ወደ እኛ ወጥቷል፤ የሚወድቅ ስለሚመስልም የተመልካቹ እጅ ሊደግፈው ይቃጣዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል በቋንቋችን ገና የረጋ ስም የለንም። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ስቲል ላይፍ ብለው በባዕድ ስሙ ይጠሩታል፤ የግዑዝ ነገር ሥዕል የሚሉትም አሉ። ኢጣልያኖች ናቱራ ሞርታ፣ ማለትም የሞተ ተፈጥሮ ሲሉት፣ ሆላንዶች ስቲልሌቨን፣ ማለትም ጸጥ ያለ ሕይወት ይሉታል። ሁለት ሕዝቦች ስለ አንድ ነገር ይህን ያህል የተራራቀ ፍርድ መስጠታቸው ያስገርማል። እኔ በሙያዬ ምክንያት ከሆላንዶቹ ጋር እወግናለሁ። ከዛፉ የተቀጠፈ ፍሬ ወዲያው አይሞትም፤ ይተነፍሳል፣ ይበስላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ለሌላ ሕይወት ምግብ ይሆናል። ካራቫጆ የሣለው ይህንኑ ጸጥ ያለ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍሬን መሣል ከእርሱ አልተጀመረም። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ዓመት በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ፣ ዜውክሲስ የተባለው የግሪክ ሠዓሊ የሣለውን ወይን ወፎች እውነተኛ መስሏቸው ሊለቅሙት እንደመጡ ይተርካል። ተፎካካሪው ፓራስዮስ ግን መጋረጃ ሣለ፤ ዜውክሲስም መጋረጃውን ግለጥና ሥዕልህን አሳየን ብሎ በጠየቀ ጊዜ ተሸነፈ፤ እርሱ ወፎችን ሲያታልል ያኛው ሠዓሊውን አታልሏልና። በፖምፔይና በሄርኩላኔዩም ከእሳተ ገሞራው አመድ ሥር በተገኙት ቤቶች ግድግዳ ላይም ፍራፍሬ ተሥሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት ግን ፍሬ በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ብቻውን የመቆም መብቱን አጥቶ የሌላ ነገር አገልጋይ ሆነ። በእመቤታችን እጅ ላይ ይቀመጣል፣ በግብዣ ጠረጴዛ ጥግ ይደረደራል፣ በዓምድ ላይ እንደ ጌጥ ይንጠለጠላል። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ፍሬ በታየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ከአዳምና ከሔዋን ጋር፣ የአንድ ታላቅ ታሪክ ምስክር ሆኖ ነው። ፍሬው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ደርሶ ወይም ጥሬ እንደነበረ፣ ቅጠሉ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ ማንም አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባውም፤ የሥዕሉ ጉዳይ ሌላ ነውና።

ካራቫጆ በ1571 ሚላኖ ውስጥ ተወለደ። በ1577 በአካባቢው የነበረው የቸነፈር ወረርሽኝ አባቱንና አያቱን በአንድ ጊዜ ወሰደበት። በ1584 ሲሞኔ ፔተርዛኖ ለተባለ የሚላኖ ሠዓሊ ለአራት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ እንዲሠራ ውል ተፈረመለት። ሎምባርዲያ ማለት የሚላኖ አገር በዚያን ጊዜ ነገርን በቅርብ ማየት የሚወዱ ሠዓሊዎች አገር ነበረች፤ አምብሮጆ ፊጂኖ የተባለ ሠዓሊ በብረት ሳሕን ላይ የተቀመጠ ኮክ ከወይን ቅጠል ጋር የሣለውም በዚያው ዘመን ነው። ወጣቱ ካራቫጆ በ1590ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ሮም ወረደ። ጊዜው በኢጣልያ ምርት የጠፋበትና ረኃብ የገባበት ነበር። ወደ ከተማይቱ በገባ ጊዜ ገንዘብም ዘመድም አልነበረውም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ጁዜፔ ቼዛሪ ከሚባለው ዝነኛ ሠዓሊ ዘንድ ተቀጠረና አበባና ፍራፍሬ እንዲሥል ተመደበ። አንባቢው ይህን ምደባ እንደ ክብር እንዳይመለከተው። ዋናው ሠዓሊ መላእክትንና ነገሥታትን ይሥላል፤ ቅጥሩ ደግሞ ጥጉን በቅጠል ይሞላል። ሥራው የመደብ ሥራ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው ትልቅነት የሚጀምረው ከዚህ ዝቅተኛ ምደባ ላይ ነው። የሮም መኳንንት ወገን የነበሩትና ሥራዎቹን የሰበሰቡት ቪንቼንዞ ጁስቲኒያኒ በጻፉት አንድ ደብዳቤ ውስጥ፣ ካራቫጆ ጥሩ የአበባ ሥዕል ለመሥራት የሚጠይቀው ድካም የሰው ምስል ለመሥራት ከሚጠይቀው አያንስም ይል እንደነበር መስክረዋል። ለዛሬ ሰው ይህ ተራ አስተያየት ሊመስል ይችላል። በዚያን ዘመን ግን ማንም በሠዓሊዎች መካከል ቆሞ ቢናገረው እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር፤ ምክንያቱም የሥዕል ማዕርግ የሚለካው በተሣለው ነገር ማዕርግ ነበር። ይህ ልማድ ኋላ በጽሑፍ ጭምር ጸንቷል። በ1667 አንድሬ ፌሊቢየን የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ለፓሪሱ የንጉሥ የሥዕል አካዳሚ ባቀረበው የማዕርግ ቅደም ተከተል፣ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል ከላይ ሲቀመጥ ፍሬና አበባ ከሁሉ በታች ወርደዋል። ሰው ከእንስሳ፣ እንስሳም ከግዑዙ ነገር ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ በሸራ ላይ ተተረጎመ ማለት ነው። ፌሊቢየን ስለ ፍጥረት ማዕርግ የተናገረው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሥዕል ማዕርግ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ሥዕል የሚመዘነው በምን እንደተመለከተ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተመለከተም ጭምር ነውና።

ቅርጫቱ ወደ አምብሮዚያና የደረሰው በካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዮ አማካይነት ነው። እኚህ ሰው ከ1595 ጀምሮ የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ የነበሩ፣ የቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዮ የአጎት ልጅ ናቸው፤ የኢጣልያ ሥነ ጽሑፍ የሚያነቡ ሁሉ ማንዞኒ እጮኛሞቹ በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ በክብር ያስገባቸው መሆኑን ያስታውሳሉ። ቤተ መጻሕፍቱን መሥርተው በ1609 ለሕዝብ ክፍት አደረጉ፤ በ1618 ደግሞ የግል የሥዕል ስብስባቸውን በስጦታ አስረከቡ። ቅርጫቱም በስጦታው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በ1625 ስለዚሁ ስብስብ በላቲን ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ፣ ከዚህ ሥዕል አጠገብ ሌላ መሰል ቅርጫት ለማስቀመጥ አስበው እንደነበር፣ ነገር ግን ውበቱን የሚስተካከል ሊገኝ ስላልቻለ ብቻውን እንደቀረ ገልጸዋል።

ይህ የካርዲናሉ ምስክርነት ቸል የሚባል አይደለም፤ ካርዲናሉ የፍሬና የአበባ ሥዕል ዐዋቂ ነበሩና። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ያን ብሩጌል ታላቁ ይሠራላቸው ነበር፤ እርሱም ለአንድ የአበባ ሥዕል የሚሆኑትን በአንትወርፕ የማይገኙ አበቦች በዐይኑ አይቶ ለመሣል እስከ ብራስልስ ድረስ መሄዱን በ1606 ጽፎላቸዋል። ካርዲናሉ በበኩላቸው፣ በክረምት ሁሉ ነገር በበረዶ በተያዘ ጊዜ የተሣሉ አበቦችን ማየት ደስታ እንደሚሰጣቸው ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ለካራቫጆ ቅርጫት አቻ ያጣለት።

በሥዕሉ ላይ በጨረር የተደረገው ምርመራ አንድ ሌላ ነገር አሳይቷል። ሸራው አዲስ አልነበረም፤ ከፍሬው ሥር ቀደም ብሎ የተሣለ የጌጥ ሥራ ተሸሽጎ ተገኝቷል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ስለ ሸራው የቀድሞ ባለቤት ብዙ ብለዋል። እኔን የሚማርከኝ ነገሩ ራሱ ነው፦ ቀድሞ ጌጥ ተሥሎበት የነበረው ሸራ ጌጡን ከሥሩ ቀብሮ ቅርጫት ተሸከመ።

አሁን ወደ ፍሬው ወደ ራሱ እንቅረብ። በ2004 ጁልስ ጃኒክ የተባሉ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ የአትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ሊቅ፣ የዓለም አቀፉ የአትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የካራቫጆን ፍሬዎች እንደ ማሳ ናሙና አንድ በአንድ መርምረው ዘገባ አቅርበዋል። ይህን ዘገባ ያነበብሁ ዕለት ሥዕሉን ለብዙ ዓመታት ሳየው ኖሬ እንዳላየሁት ተረዳሁ፤ አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይህን ማመኑ የሚያሳፍር ቢሆንም።

ፊት ለፊት የሚታየው ሁለት ቀለም ያለው ፖም ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የእሳት ራት እጭ የገባበት ቀዳዳ ነው። ፖም የሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ይህን ጠላት ያውቁታል፤ እጩ እስከ ፍሬው እምብርት ዘልቆ ዘሩን ይበላል፤ ከውጭ የሚታየው ግን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። ቢጫው ፒርም በነፍሳት ተነክሷል። የኮኩ ፍሬ ቀይ ደም የመሰለ ጉንጭ ቢኖረውም ከአጠገቡ ያለው ቅጠል ተበስቷል። ክዊንስ የተባለው፣ ከፖምና ከፒር ወገን የሆነው ቢጫ ፍሬ ከሁሉም ንጹሑ ነው፤ የራሱ ቅጠሎች ግን በፈንገስ ጠቃጠቆ ተይዘዋል። በለሶቹ አራት ሲሆኑ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ሐምራዊ ናቸው፤ ሐምራዊዎቹ ከመጠን በላይ ከመብሰላቸው የተነሣ ጎናቸው ተሰንጥቋል። (በለስ ስል በሰሜኑ ክፍላችን ያለ አንባቢ የቁልቋሉን ፍሬ እንዳያስብብኝ እሰጋለሁ፤ የምናገረው ስለ ሾላና ስለ ዋርካ ዘመድ ስለ እውነተኛው በለስ ነው።) በትልቁ የበለስ ቅጠል ላይ አንትራክኖስ የምንለውን በሽታ የሚመስል የተቃጠለ ቁስል ተንሰራፍቷል። ከአራቱ የወይን ዘለላዎች በቀዩ ላይ ደርቀው የተጨማደዱ ፍሬዎች ይታያሉ፤ በግራ በኩል ባሉት ሁለት ዘለላዎች ላይም እያንዳንዳቸው ከልክ ያለፈ የበሰለ አንዳንድ ፍሬ አላቸው። ከወይኑ ቅጠሎች አንዱ ፈጽሞ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ሌላው ጠቃጠቆ ያለበት ሲሆን የነፍሳት ዕንቁላል ክምችት የሚመስልም ነገር ይታይበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። ማንኛችንም ብንሆን አንድን ጠባሳ በሥዕል አይተን የበሽታውን ስም በእርግጠኝነት ልንሰጥ አንችልም። አጉሊ መነጽር የለም፤ ናሙናውን በሳሕን ላይ አርብቶ ተሕዋሱን ማሳደግም አይቻልም፤ ሕመምተኛው ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ጃኒክም ይመስላል ማለትን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የመስክ ባለሙያ ቆሞ የሚከራከርበት ያህል ምልክት መስጠቱ ራሱ ታላቅ ነገር ነው። የቁስሉ ጠርዝ፣ የቀለሙ አወጣጥ፣ ቅጠሉ ከየት በኩል መድረቅ እንደጀመረ፣ ይህ ሁሉ ተመዝግቧል።

የዘመኑን ዕውቀት እናስብ። በ1600 ገደማ ፈንገስ የእህልና የፍሬ በሽታ ያመጣል ብሎ ያረጋገጠ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው ቤኔዲክት ፕሬቮ የስንዴ አረማሞ ከተሕዋስ እንደሚመጣ በሙከራ ያሳየው በ1807 ነው፤ ያን ጊዜም ብዙ አማኝ አላገኘም። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1853 ስለ አረማሞና ስለ ዋግ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፈንገሱ የበሽታው ምክንያት እንጂ የበሽታው ውጤት አለመሆኑን አስረዳ። የድንች በሽታ አየርላንድን ካስራበ በኋላ ነው ሳይንስ ጉዳዩን በሙሉ ልብ የያዘው። በአገራችንም ገበሬው ዋግ የሚለውን ቃል የሚያውቀው የዕፅዋት በሽታ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ስም ከምክንያት ይቀድማልና። ካራቫጆ ደግሞ ከስምም የቀደመ ነው። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ለምን ቅጠሉ ላይ እንደተቀመጠ የሚነግረው መጽሐፍ የለውም። ያየውን ብቻ አስቀመጠ። ያንን ያስቀመጠው ግን ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ የተወለደ ሳይንስ አንብቦ እስኪረዳው ድረስ በትክክል ነው።

ብዙ የሥነ ጥበብ ጸሐፊዎች በዚህ አይስማሙም። ትሉ፣ ስንጥቁና የደረቀው ቅጠል ምሳሌ ናቸው ይላሉ፤ ውበት አላፊ መሆኑን፣ ሥጋ መበስበሱን ያስተምራሉ ይላሉ። ሥዕሉን የያዙት ሊቀ ጳጳስ መሆናቸውን፣ ሠዓሊውም በልጅነቱ በቸነፈር ቤተሰቡን ማጣቱን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ትርጓሜውን ጨርሼ ልክደው አልደፍርም፤ በዘመኑ እንዲህ ያለ ስብከት በሥዕል ይሰበክ ነበር። ነገር ግን ለስብከት የሚሣል ብስባሽ አንድ ባሕርይ አለው፤ ብስባሹ ይጮኻል። የራስ ቅል ይጨመርለታል፣ የተቃጠለ ሻማ ይቀመጥለታል፣ ዝንብ በጉልህ ያርፍበታል። በዚህ ቅርጫት ውስጥ ግን የትሉ ቀዳዳ ከወይኑ ፍሬ ቆዳ ላይ እንዳለችው ነጭ ብናኝ፣ ከቀንበጡ ጉንጉን ጥላም አይበልጥም፤ አያንስምም። ሁሉም እኩል ታይቷል። ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ይህን ያህል አይደክምም፤ አንድ የተበላ ፖም ይበቃዋል፤ አራት ዓይነት ጉዳት በአራት ዓይነት ቅጠል ላይ ለየብቻው አይሥልም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ካራቫጆ በመጀመሪያ አየ፤ ትርጉሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ክርክር ለእኔ የሥዕል ክርክር ብቻ ሆኖ ሊቀር ያልቻለበት ምክንያት አለኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ በነበርሁ ጊዜ፣ የነበርሁበት የእርሻ ጣቢያ በአንድ የገጠር ከተማ በተዘጋጀ ትርኢት ላይ የኮክና የብርቱካን ናሙና እንዲያቀርብ ታዘዘ። በዚያ ዓመት በአካባቢው ኮክ ላይ ጉዳት ገብቶ ነበር፤ ቅጠሉ ይበሳል፣ ፍሬው ሳይደርስ ይረግፋል። ናሙናውን ከማቅረባችን በፊት ኀላፊያችን የተበሳ ቅጠል ሁሉ እንዲቀነጠስ፣ ጠባሳ ያለበትም ፍሬ ዞሮ ወደ ግድግዳው እንዲመለስ አዘዘን። እኔም መቀስ ይዤ አንድ ሌሊት ሙሉ ስቀነጥስ አደርሁ። በማግሥቱ ጎብኚዎች ተደስተው ጣቢያውን አመሰገኑ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ ከጠረጴዛው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው ከተመለከቱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ ይኼ ዛፍ ከየት አገር የመጣ ነው? የእኛ ኮክ እኮ ቅጠሉ ወንፊት ነው” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ጉዳቱ ዘገባ ጽፈን መድኃኒትና ባለሙያ እንዲላክ ስንጠይቅ፣ በትርኢቱ ላይ የታየው ፍሬ ጤነኛ ስለነበረ ጉዳዩ አስቸኳይ አይመስልም የሚል መልስ ደረሰን። ቅጠሉን የቀነጠሰው እጅ የእኔ ስለነበረ ማንንም ለመውቀስ አልቻልሁም፤ በሽማግሌው አካባቢ በቀጣዩ ዓመት ስለረገፈው ኮክ ግን እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የካራቫጆ ቅርጫት ለእኔ የተለየ ነገር የሆነው። ይህ ሠዓሊም ቀንጥስ የሚለው ድምፅ ሳይደርሰው አልቀረም። ቼዛሪን የመሰለ ጌታ የሚፈልገው ያማረ ፍሬ ነው፤ ገዢውም የሚፈልገው ያማረ ፍሬ ነው፤ በሮም ገበያ ውስጥም ጤነኛ ፖም አልጠፋም። ብሩሹን አንድ ጊዜ ማሳለፍ ቀዳዳውን ለመድፈን በበቃ ነበር። አላደረገውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነውና። በ1600 በሮም የቅዱስ ሉዊጂ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሣላቸው የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ዝናውን አገነኑት። ቅርጫቱ ግን አልለቀቀውም፤ በ1601 በሣለውና ዛሬ ለንደን በሚገኘው የኤማሁስ እራት ውስጥ፣ ክርስቶስ ራሱን ለደቀ መዛሙርቱ በሚገልጥበት ገበታ ላይ ያው የፍራፍሬ ቅርጫት ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ ተቀምጧል። ቤሎሪ የተባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ በ1672 ይህን ነቅፎ፣ የኤማሁስ ነገር የተፈጸመው በፋሲካ ሰሞን ሳለ ወይንና በለስ ከየት መጡ ብሏል። ነቀፋው እንደ ሰብል ባለሙያ ቢያስቀኝም ልክ ነው፤ ወቅቱ አይደለም። በ1606 ካራቫጆ በጠብ ሰው ገድሎ ከሮም ሸሸ፤ በ1607 ከቀድሞ ጌታው ከቼዛሪ ዘንድ የቀሩት ቀደምት ሥዕሎቹ፣ ቅርጫት የያዘው ወጣት የሚባለው ጭምር፣ ተወርሰው ወደ ቦርጌዜ ቤተሰብ ተዛወሩ። በ1610 በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ስሙም ቀስ በቀስ ከታላላቆቹ ተርታ ወጣ። አካዳሚዎቹ በሠሩት መሰላል ላይ እርሱ የገነነበት ነገር ሁሉ ከታችኛው ረድፍ ነበረና ይህ አያስደንቅም። በ1951 ሮቤርቶ ሎንጊ የተባሉት ሊቅ ሚላኖ ውስጥ ሥራዎቹን አሰባስበው ባሳዩ ጊዜ ነው ሕዝቡ በብዛት ተሰልፎ እንደገና ያየው። ኢጣልያ በ2002 ወደ ዩሮ እስክትሻገር ድረስ የመቶ ሺሕ ሊሬ ኖቷ በጀርባው ይህንኑ ቅርጫት ይዞ ነበር፤ የተበላው ቅጠል የመንግሥት ገንዘብ ላይ ወጣ ማለት ነው።

የሥዕሉ ኅትመት ዛሬ ከሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አዲስ የተመደቡ ወጣት ባለሙያዎች ሲመጡ፣ ምን ታያላችሁ ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ፍሬ ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ትሉን ያገኙታል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ አያቆምም። ባለፈው ወር ሁለቱ በቀኝ በኩል ባለው የደረቀ የወይን ቅጠል ላይ ተጣሉ። አንደኛው በሽታ ነው አለ። ሁለተኛዋ ግን ተጠግታ ካየች በኋላ፣ በሽታ አይደለም፣ ቀንበጡ ከተቆረጠ በኋላ ውኃ አጥቶ የጠወለገ ነው፤ ሠዓሊው ሲጀምር ቅጠሉ ለምለም ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራው ቀናት ስለፈጀበት እየሠራ ሳለ ደረቀበት፤ ሲደርቅም ደረቅ አድርጎ ሣለው አለች። ወንዱ አልተቀበላትም። እኔም እስካሁን አልፈረድሁም፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቅጠል ባየሁ ቁጥር ጠርዙን የምመረምረው በእርሷ በኩል ሆኜ ነው።